እግሬ ቱርክ፣ ልቅሶዬ ሮቢት

መርከባችን ወደቡ ላይ የታሰረችው በጠዋት ነው። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የመርከብ ሞተር ትምህርቴን በክፍል ጨርሼ፣ ባሕር ላይ የሚደረገውን ልምምድ ለመፈጸም ጅቡቲ ላይ ከተሳፈርኩ ሳምንታት አልፈዋል። ጅቡቲን ውጭ አገር ብዬ አልቆጥራትም። ሸዋ ሮቢት እናቴ ምግብ ቤት የሚበሉት የከባድ መኪና ሹፌሮች ስሟን የሚያነሱት ልክ የቅርብ ከተሞቻችንን፣ ማጀቴንና ጀውሃን፣ እንደሚያነሱት ነው። ደግሞም በሌሊት ገብቼ በቀጥታ ወደ መርከቡ ስለወጣሁ ከመብራት በቀር ያየሁት የለም። ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያዋ ውጭ አገር ይህች የቱርክ የወደብ ከተማ ናት። እስከ ማታ ድረስ ከተማ ገብቼ እንድመለስ ተፈቅዶልኛል።

መሰላሉን ወርጄ አስፋልቱን ስረግጥ መሬቱ ተወዛወዘብኝ። ከባሕር የወረደ ሰው እንዲህ እንደሚሆን መምህራን ነግረውናል፤ ቢሆንም መሬት ሲከዳኝ የመጀመሪያዬ ነውና ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ቆም፣ ራመድ እያልኩ ሞከርኩት። አንድ የወደብ ሠራተኛ አይቶኝ በሳቅ ሞተ።

አንድ ነገር ብቻ አሳስቦኝ ነበር። የመርከቡ ኢንተርኔት መንገድ ላይ ተበላሽቶ ከእናቴ ጋር ከተነጋገርን ቆይተናል። ስልኬ ደግሞ በሰው አገር አይሠራም። እናቴን አውቃታለሁ። ምግብ ቤቷ የገባ ሹፌር ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጫነ፣ ሚስቱ ደህና መሆን አለመሆኗን ሳይናገር ሽሮ አይቀርብለትም። የማታውቀውን ሰው እንዲህ የምትመረምር ሴት የልጇ ድምፅ ሲጠፋባት ምን ታስብ ይሆን? ኢንተርኔት ያለበት ቤት ፍለጋ ወደ ከተማው ገባሁ።

በመንገዱ ዳርና ዳር ብርቱካን ተተክሏል። ፍሬው በስሎ ተንዠርግጓል፣ የወደቀውም አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሮቢት ቢሆን እንኳን ፍሬው ቅጠሉም አይተርፍ። ነገሩ ስላልገባኝ ግራ ቀኝ አይቼ አንዱን አንስቼ ላጥኩና ቀመስኩ። ሬት ነው። ምናልባት ይሄኛው ብቻ ይሆናል ብዬ ሌላ ሞከርኩ፤ እሱም ያው። በእናቴ ነው የወጣሁት፣ ነገር አጣርቼ ካልጨረስኩ አልተውም፤ ሦስተኛውንም ልሞክር ስል አንዲት አሮጊት በእጃቸው «ተው፣ ተው» አሉኝ። ከከተማዋ ጀርባ ተራራ ቆሟል። ከሮቢት ሆኖ ደብረ ሲናን ማየት ይመስላል፤ የዚህኛው ጫፍ ላይ ግን ጉም ሳይሆን በረዶ ነው ያለው።

ዞሬ ዞሬ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስመለስ ዓሣ እየጠበሰ በዳቦ የሚሸጥ ሰውዬ አገኘሁ። ስልኬን ዘርግቼ ኢንተርኔቱን ለመንኩት። ተቀበለኝና የይለፍ ቃሉን ራሱ አስገባልኝ። እኔም ዓሣ አዘዝኩ። ዳቦው ላይ ጥሬ ሽንኩርት ሲከምር እጄን እያወዛወዝኩ እንዳይጨምር ነገርኩት፤ እሱ ግን ጨምርልኝ ያልኩት መሰለውና አንድ እፍኝ አከለበት።

ወደ ቤት ደወልኩ። ታናሽ እህቴ አነሳችው። ቪዲዮው ሲከፈት ያየሁት የምግብ ቤታችንን ግቢ ነው። ሰማያዊዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮች ሁሉ ውጭ ወጥተው ተደርድረዋል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩ።

እህቴ ስልኩን ጣለችው። መልሳ አነሳችው። «አንተ» አለችኝ።

እየተንተባተበች የነገረችኝ ይህን ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሰው ያረዱታል። እንግዲህ ልጇ ባሕር ላይ የጠፋባት ሴት ገና በማለዳ በሯ ተንኳኩቶ ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው ካየች፣ የሚሉትን መስማት አያስፈልጋትም። የመጡት ጎረቤታችን የማሾ ነጋዴው ጋሼ ናቸው፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር። ለልጃቸው ሰርግ ወንበር ሊዋሱ ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ ሥራ ሳይበዛባት እንድረስ ብለው፣ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በዚያው ጎራ አሉ።

«እንደምን አደርሽ» ሲሏት እናቴ ደረቷን መታች። «ወላሂ ለወንበር ነው የመጣነው» ቢሏት፣ «አውቃለሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ ልትነግሩኝ ነው» አለች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ የመጣውም ሽማግሌዎቹን ሲያይ አለቀሰ። ሰዉ እንዲያ ሲያለቅስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተጠራጠሩ፤ አንደኛው «እኛ ያልሰማነው ነገር ይኖር ይሆን?» ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ ለቀስተኛ ቆሞ አይውልም ተብሎ ወንበሮቹ ወጡ።

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እህቴ ስልኩን ወደ እናቴ ስታዞረው ግን ሳቄ ጠፋ። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅ የላትም። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።»

ከሩቅ አየችኝና ፊቷን አዞረች። «ልታባብሉኝ ነው። ዘንድሮ በስልክ የማይሠራ ነገር አለ? የሞተ ሰው ሲዘፍን ሹፌሮቹ አሳይተውኛል።»

«ኧረ በአላህ!» አሉ ጋሼ ከጎኗ። «ልጁ ያውና ያነጋግርሻል። እስኪ የፈለግሽውን ጠይቂው።»

«እኔ የማውቀውን እህቱም ታውቃለች፤ ይህን ለሠራው ሰው ነግራው ይሆናል።»

ተነስቼ ባሕሩን አሳየኋት። መርከቡን፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ፣ ዓሣውን ከበው የተቀመጡትን ድመቶች አሳየኋት። እግሬን መሬት ላይ መታ መታ አደረግሁ። «ይኸው፣ ወርጃለሁ። መሬት ላይ ነኝ።»

«ወፍራሟ ድመት የማን ናት?» አለች። ከዚያ መጠየቋ ራሱ አሳፈራት መሰል፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

በሕይወት ያለ ሰው በሕይወት መኖሩን በምን ያስረዳል? ሰውዬው ዳቦውን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ፤ ስልኩ ውስጥ የሚያለቅሱትን ሴቶች ሲያይ ግንባሩን ቋጥሮ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝና ሄደ። ስልኩን ከብርጭቆ ጋር አስደግፌ ተቀመጥኩ። ጭንቅ ሲይዘኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል። «እማዬ፣ ኢንተርኔቱ ተበላሽቶ ነው እኮ፣ እስኪ ስሚኝ» እያልኩ ዳቦውን ከፈትኩ፤ ሽንኩርቱንም በጣቴ እየለቀምኩ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መደርደር ያዝኩ። ምን እንደማደርግ ልብ አላልኩም።

ቀና ስል እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታዋለች፤ የሚታየኝ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው የምትለቅመው?»

«ሽንኩርት» አልኳት።

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። «ማሳው ሁሉ ሽንኩርት በሆነበት አገር፣ ሽንኩርት እየለቀመ የሚጥል አንድ ሰው ነው የወለድኩት» አለች። «እሱ ነው። ልጄ ነው።» ከጠዋት ጀምሮ ያለቀሰችው ሳያንስ አሁን አዲስ ለቅሶ አመጣች። እኔም አለቀስኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው እየተሳሳቁ አንዷ የአንዷን እንባ ትጠርግ ጀመር።

«ጋሼ» አለች እናቴ ፊቷን እየጠረገች፣ «ይቅር ይበሉኝ። ለወንበር ነበር ያሉኝ?»

«ለወንበር ነበር፣ ወላሂ። አልሐምዱሊላህ፣ የዛሬውስ ከሰርግ በላይ ነው።»

«ይውሰዱት። ሰዉ ግን ሳይበላ አይነሳም።» እህቴን እሳት አያይዢ ብላ ሰደደቻት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ድምፁ የተዘጋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ «አሁን ሽንኩርቱን ብላ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እንዴ!»

«ብላ። ስቀብርህ ነው ያረፈድኩት።»

ጠርዙ ላይ የደረደርኩትን እያነሳሁ በላሁት። ጥሬ ነበር፣ አንድም አላስቀረሁም፤ እሷም እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አልነቀለችም። ከኋላዋ ጋሼ ሰው ያልተቀመጠባቸውን ወንበሮች አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረቡ ወደ በሩ ያወጡ ነበር።