ለጅቡ የታዘዘልኝ ሕክምና

ከሐይቅ ከተማ በወጣሁባት ሌሊት እናቴ «ትንሽ ጋደም በይ፣ መንገደኛ እንቅልፍ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ጋደም አልኩ፤ አልተኛሁም። የደሴው ሚኒባስ በር ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ የእሷም የእኔም ዓይን እንደፈጠጠ ነበር። ከዚያ አረብ አገር፣ ከአረብ አገር ቱርክ፣ ከቱርክ ባሕሩ። ስለ ባሕሩ አልጽፍም። የተሻገረው ያውቀዋል፣ ያልተሻገረው ደግሞ ቪዲዮ አይቶ ከእኔ በላይ ያወራል። የምጽፈው ስለ እንቅልፍ ነው፤ «ጀርመን ገባሽ፣ አረፍሽ» እያላችሁ ስልኬን ያጨናነቃችሁት እናንተ ናችሁና። አላረፍኩም።

ነገሩ የጀመረው እዚያው እኛ አገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያው በውጫሌ በኩል መሰማት ሲጀምር ታላቅ ወንድሜ ይመር እናቴንና እኔን በባጃጁ ከከተማው አውጥቶ የደሴ መንገድ ላይ አደረሰን። ከዚያ መራመድ የማይችሉትን ጎረቤታችንን ሼህ ሙሔን ሊያመጣ ተመለሰ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሬሳውን ያየ የለም፣ በሕይወት አየሁት ያለም የለም። ዘመድ «ሰደቃ እናውጣለት» ሲላት እናቴ «ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። እኔ ግን በሕልሜ አስፋልት ላይ ወድቆ አየዋለሁ። ልጠራው እሞክራለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ሲወጣ ደግሞ ሕንፃውን በሙሉ ይቀሰቅሳል።

የምኖረው ሃይም ነው፤ ስደተኛ የሚታጎርበት ቤት። አብራኝ የምታድረው የአስመራ ልጅ ብዙ ታግሳኛለች፣ አላህ ይስጣት፤ በመጨረሻ ግን ከሰሰችኝ። የሃይሙ አለቃ ቢሮው አስጠራኝ።

«ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መጮህ ክልክል ነው» አለኝ። «ደንቡ በር ላይ ተለጥፏል።»

«የምጮኸው ተኝቼ ነው።»

«ደንቡ የተኙትንም ይመለከታል።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ወይ የሐኪም ወረቀት አምጪ፣ ወይ ጫካ ውስጥ ወዳለው ሌላ ሃይም ትዛወሪያለሽ አለኝ። እዚያ አውቶቡስ የለም፤ ከተዛወርኩ የቋንቋ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው፣ ያለ ቋንቋ ደግሞ ሥራ የለም። ስለዚህ እንቅልፍ ግዴታዬ ሆነ።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ሻይ ነው። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ ቅጠል። ጤና አዳምማ የእናቴ ጓሮም ሞልቷል። «የእንቅልፍ ኪኒን ስጠኝ» ስለው «ትለምጂዋለሽ» አለኝ። እኔስ የመጣሁት እንቅልፍ ልልመድ ብዬ አልነበረም?

ስመላለስ ከርሜ ወደ አእምሮ ሐኪም ተላክሁ። ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። አስተርጓሚው ሸሚዙን የተኮሰ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ወሎዬነቴን ከአነጋገሬ ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሐኪሟ መጀመሪያ ምክር ሰጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ቡና የለም፣ ቀን መተኛት የለም። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ተነሺና ሌላ ክፍል ሄደሽ ተቀመጪ።

«ሌላ ክፍል የለኝም።»

«ወንበር ላይስ?»

«ወንበሩን እሳት ቢነሳ ያሰናክላል ብለው ወሰዱት።»

ሐኪሟ ምክሯን እዚያው ተወችው። ከዚያ «ሕልምሽን ንገሪኝ» አለችኝ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ክፉ ሕልም አይወራም። ወደ ግራ እትፍ እትፍ ብሎ፣ ጎን ቀይሮ መተኛት ነው። የተናገሩት ሕልም ይደርሳል። ይመርን ወድቆ አየሁት ብዬ በአፌ ካወጣሁት እኔው ገደልኩት ማለት ነው፣ ያውም በጀርመንኛ። ስለዚህ ዋሸሁ። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የወረደ ጅብ ያባርረኛል አልኳት።

ሴትዮዋ ጅቡን ከልቧ ያዘችው። ሕክምናው እንዲህ ነው፤ የሕልሙን መጨረሻ እንደሚሻልሽ አድርገሽ ትለውጪና ቀን ቀን ዓይንሽን ጨፍነሽ ትለማመጂዋለሽ፤ ማታ አዲሱ ይመጣል።

«ጅቡን ምን እናድርገው?» አለ አስተርጓሚው ፊቱን አኮሳትሮ።

«ይገደል።»

«በሰላም ቢሆን ይሻላል ትላለች።»

ተደራድረን ጅቡን ውሻ አደረግነው። ሳምንት በሳምንት እየሄድኩ ያን የማላውቀውን ውሻ ስደባብስ ከረምኩ። ማታ ማታ ይመር አስፋልቱ ላይ ነው፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አለቃው ወረቀት ይለኛል።

አንድ ቀን ከሐኪሟ ክፍል ስንወጣ አስተርጓሚው «እህቴ፣ ጅብ የፈራ ሰው ስለ ጅቡ ሲያወራ ሳቁ አይመጣበትም» አለኝ። «ክፉ ሕልም እንደማይነገር አውቃለሁ፣ እናቴም እንደዚያው ናት። እነዚህ ግን ያልነገርሻቸውን አያክሙም።»

ተናደድኩበት። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት። በቀጣዩ ቀጠሮ እያለቀስኩ ነገርኳት፣ እንደጨረስኩም ወደ ግራ እትፍ እትፍ አልኩ። ጉንፋን መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ። የዚህኛውን መጨረሻ እንለውጥ ስትለኝ ግን አሻፈረኝ አልኩ። በሕልሜ ባስነሳው ስነቃ ማን ያመጣልኛል? እሺ፣ ሌላ መንገድም አለ አለችና ለደም ግፊት የሚሰጥ ኪኒን አዘዘችልኝ። አንዳንድ ሰው ቅዠቱ ይበርድለታል፣ አያድንም፤ ከአልጋ ስትነሺ ቀስ በይ፣ ያዞርሻል አለችኝ። ለደም ግፊት የተሠራ ኪኒን የወንድሜን መንገድ ከየት ያውቀዋል ብዬ ናቅሁት። ግን ሠራ። ቀስ በቀስ ይመር መምጣቱን ተወ። ተኛሁ። አለቃውም ወረቀቱን አገኘ።

ዛሬ ማታ እናቴ ደወለች።

«አሁንስ ትተኛለሽ፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ እማ፣ እተኛለሁ።»

«ምን ነበር እንዲያ የሚያስጮህሽ?»

ለጀርመኗ ተናግሬ ለእናቴ መደበቁ አሳፈረኝ። «ይመርን ነበር የማየው» አልኳትና ቁጣዋን ጠበቅሁ።

አልተቆጣችም። «ታዪው ነበር?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «እኔ ዘንድ እኮ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። ዱዓ አድርጌ፣ በቀኜ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ፤ አይመጣም። ምን ለብሶ ነበር?»

«ያን ቡናማ ጃኬቱን።»

«ቆሞ ነው?»

«ቆሞ ነው እማ» አልኳት። «ባጃጁን ተደግፎ፣ እየሳቀ። ሼህ ሙሔም ከኋላ ተቀምጠዋል።»

«ኸይር ነው፣ ኸይር ነው» እያለች አለቀሰች። «ዛሬ ሲመጣ እኔም ዘንድ ብቅ በል በይው።»

እሺ አልኳት። የማታዋን ኪኒን ገና አልዋጥኳትም።