ነጣጥዬ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ስሞች

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የዕቃ መደብር ሁለት መልእክት በስልኬ ገባ። አንዱ «የረጅም ጊዜ ደንበኛችን» ይለኛል፤ ሌላው እንደ አዲስ ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ይቀበለኛል። አንዷን እኔን ሁለት ቦታ መዝግበውኝ ኖሯል፤ ልጄ በመደብሩ መዝገብ ያዥ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይህንኑ ስህተት አንድ ጊዜ ሆን ብዬ ሠርቼዋለሁ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ለሱቆች ብስኩትና ሳሙና በሚያከፋፍል ድርጅት የደንበኞችን መዝገብ በኮምፒውተር እይዛለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ዲፕሎማዬን ሳሎን ሰቅሎት ነበር። ከዚያ ፈቲያ ለሙከራ ጊዜ ሽያጭ ክፍል ተቀጠረች። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ልብስ ስትሸጥ የኖረች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ እያቀላቀለች ታወራለች። የእኔ አማርኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኑን አየችና፣ «አቦ፣ እነዚህ ሦስቱ ሱቆች እኮ አንድ ቤት ናቸው» አለችኝ። የታይዋኑ ሱቅ የልጅየው፣ የቢዮ አዋሌው የአማችየው ነው። «ምን እንደሚገዛ የምትወስነው መጋላ ሰፈር ሦስተኛው ሱቅ ያላት እናታቸው አዴ ሀሊማ ናት። ሱቁን ተይው፤ ቤተሰቡን ነው መያዝ።»

ሦስቱን በአንድ ስም ሥር አያያዝናቸው። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አመሰገናት። ያን መዝገብ እኔ ስጠብቀው በኖርኩበት ዘመን ስሜ በስብሰባ ተነስቶ አያውቅም። ከስብሰባው በኋላ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝታ ግማሹን ሰጠችኝ። በርበሬው ይሁን ቅናቱ አቃጥሎኝ፣ አንዴ ነክሼ አስቀመጥኩት። ምሳዋን ልትበላ ስትወጣ ስሞቹን ነጣጥዬ እንደ አዲስ ደንበኛ መዘገብኳቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ ሽያጭ ክፍሉ ከእኔ መዝገብ ዝርዝር አውጥቶ ሠራተኞቹን አሰማራ። በአንድ ጠዋት ሦስት ሰው ለአንድ ቤተሰብ ሦስት የተለያየ ዋጋ አቀረበ። ለአዴ ሀሊማ ደግሞ «ለአዲስ ደንበኛችን» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እኩለ ቀን ላይ ደውለው፣ ከእኛ መግዛት እንዳቆሙ ተናገሩ።

ሥራ አስኪያጁ ፈቲያን አስጠራት። «አንድ ቤት ናቸው ብለሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የት አለ?»

«አያይዘነው ነበር» አለችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስክሪኑን አየሁ። እስከ ቅዳሜ ሠርታ እንድትሰናበት ተነገራት።

ሁለት ቀን እንደወትሮው መዝገቤን ስሞላ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ይዤ መጋላ ሄድኩ። አዴ ሀሊማ ሱቃቸው በር ላይ ቴምር እየለዩ ነበር።

«መዝገቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን አድርጌሽ?»

«እርስዎ ምንም። በፈቲያ ቀንቼ ነው።»

ቴምሩን መለየት አላቆሙም። «ታዲያ ለኔ ስትነግሪኝ ለሷ ምን ሊሆናት ነው? ለሚያባርራት ሰውዬ ሂጂና ንገሪው።»

ሄጄ ነገርኩት። ፈቲያ ቀረች፤ እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። አዴ ሀሊማም መግዛታቸውን ቀጠሉ፤ ትእዛዛቸውን ግን ለፈቲያ ብቻ ነው የሚሰጡት። ይቅርታ ስጠይቃት፣ «አልፏል በቃ» አለችኝ። ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ አጠገቤ ግን ዳግም አልተቀመጠችም።

ዛሬ ፈቲያ የራሷ ማከፋፈያ አላት። በቅርቡ ልጇ ሐኪም ሆና መመረቋን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም፤ ያው የድሮው ቅናት ነው። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩላት፤ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ልቡ ቀድሞ ከቅናት የሚጠራለት ሰው አለ። የእኔን ልብ ግን እስኪጠራ አልጠብቀውም፤ ማድረግ ያለብኝን አደርጋለሁ፤ እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።