«በጣም ጥሩ ነው» ያሉኝ ሰዎች

እስካሁን ድረስ ሰው ስለ አንድ ዕቃ «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ስለ ጫማ ይሁን ስለ ፍሪጅ ለውጥ የለውም። «ለምንድነው ጥሩ የሆነው? ተበላሽቶብህ ያውቃል? ሲበላሽስ ማን ሠራልህ?» እያልኩ ሰውየውን እንደ መርማሪ ፖሊስ አፋጥጠዋለሁ። ወዳጆቼ ጠባዬን ስለሚያውቁ አዲስ ነገር ሲገዙ ይደብቁኛል። ይህን ጠባይ ያተረፍኩት ቦሌ ከነበረ አንድ የግል ክሊኒክ ነው።

ጊዜው ቦሌ ከዳር እስከ ዳር በባሕር ዛፍ አጣና ታስራ ሕንፃ የምትሆንበት ነበር። ትናንት ጎመን የተሸጠበት ጥግ ዛሬ ጉድጓድ፣ ከርሞ ባለ መስታወት ፎቅ ይሆናል። ሁሉም ሰው አንድ ነገር እየጀመረ ነው፤ ያልጀመረም ሊጀምር ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተርም በጥቂት ክፍሎች የጀመሩትን ቤት ባለ ፎቅ አደረጉትና በየክፍሉ ኮምፒውተር አስቀመጡ። ካርድ ክፍሉ፣ ምርመራ ክፍሎቹ፣ ላብራቶሪው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሁሉም በኬብል ተገናኙ። እኔንም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አስለቅቀው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ክፍሉ እኔው ነበርኩ፤ የምመራው ሰው አልነበረም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ሥራ መልቀቄን ስነግረው መነጽሩን አወለቀና «ጡረታ ያለው ሥራ ትተሽ የሰው ቤት ልትገቢ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እኔም በልቤ «ቆይ፣ አሳይሃለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ዳታቤዝ መምረጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ታካሚው አንድ ቦታ ይመዘገባል፣ የደም ምርመራው ሌላ ቦታ፣ ክፍያው ሌላ ቦታ፤ ዳታቤዙ ሦስቱን በካርድ ቁጥሩ ያያይዛቸዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ካርድ ክፍል ስትጽፍ፣ ላብራቶሪውም ሐኪሙም በዚያው ሰዓት የዚያኑ ሰው ማህደር ከፍተው መሥራት መቻላቸው ነው። ያ ካልሆነ የተዘረጋው ኬብል ሁሉ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የታመመ ሰው እኔ በመረጥኩት ዕቃ ምክንያት አግዳሚ ላይ እንዳይጉላላ። ዶክተርም ገና ስጀምር «የሚገዛው በአንቺ ፊርማ ነው፤ ከተበላሸ የምጠይቀው አንቺን ነው» ብለውኛል።

መጨረሻ ላይ ሁለት ምርጫ ቀረኝ። አንደኛው ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ ነው። በዚያን ጊዜው በሚያዘግም ኢንተርኔት ሳወርደው ፍዳዬን አይቻለሁ፤ ግን ሞከርኩት። ሁሉንም ኮምፒውተር ከፍቼ፣ ነርሶቹን ለምኜ፣ አንድ ማህደር ላይ ባንድ ጊዜ አጻጻፍኳቸው፤ ሁሉንም ተቀበለ፣ ፍንክች አላለም። ሁለተኛው ባለ ቀለም ካርቶን ውስጥ የሚሸጥ ነው። አስመጪው ባለ መስታወት ሕንፃ ላይ ቢሮ አለው፤ ሻጩም ክራባቱ የማይላላ ሰውዬ ነው። እሱንም ልሞክረው ስል «ከገዛችሁ በኋላ ትሞክሪዋለሽ» ተባልኩ።

«በነጻ?» አሉ ዶክተር የመጀመሪያውን ስነግራቸው። «በነጻ የተሰጠኝ ነገር ሲበላሽ የማንን አንገት ልይዝ ነው?»

የሚያናድደው፣ ጥያቄያቸው እውነት አለው። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ» አልኩ።

«አንቺ ሞከርሽ። አሁን ደግሞ ውጪና የተጠቀሙትን ሰዎች ጠይቂ። ያየ ይናገራል።»

ይህም ትክክል መሰለኝ። አስመጪው የደንበኞቹን አድራሻ ሰጠኝና መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ወዳለ የዕቃ አስተላላፊዎች ቢሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትልቅ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፣ ማኪያቶ አዘዙልኝ፣ የቤተሰቤን ደህንነት ሳይቀር ጠየቁኝ። ወደ ዳታቤዙ ስመጣ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

«ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲገባበት አያስቸግርም?»

«ኧረ ምንም!»

ይህን ሲሉ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰውዬ እጁን አፉ ላይ ደግኖ «ሁለት ቁጥር ይውጣ! አራት ቁጥር ግባ! ቶሎ በል እንጂ!» እያለ ይጮሃል። ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። «እሱ አስተባባሪያችን ነው» አሉና በሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። እኔ የጭነት መኪና የሚያስገባና የሚያስወጣ መሰለኝ። ታች ጋራዥ አለ፣ ላይ ዕቃ ያስተላልፋሉ፤ ሌላ ምን ላስብ?

ከዚያ ከኢምፔሪያል አለፍ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በዳታቤዙ የምትሠራው ጸሐፊዋ ናት፤ ነገር ግን ርእሰ መምህሩ አጠገቧ ቆመው አልነቃነቅም አሉ። እሷን ስጠይቅ እሳቸውን ታያለች፤ ከዚያ «ጥሩ ነው» ትላለች። በር ድረስ ስትሸኘኝ ግን እጄን ጨብጣ «ብቻ ትዕግሥቱን ይስጥሽ» አለችኝ። ምርቃት መስሎኝ «አሜን» ብዬ ወጣሁ! ሌሎችም ጋ ሄጃለሁ፤ ሁሉም ጋ ማኪያቶ ነው፣ ሁሉም ጋ በጣም ጥሩ ነው።

የሰማሁትን ሁሉ ጽፌ ለዶክተር ሰጠሁ። ከሥሩ ግን «እኔ አሁንም የመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። እሷን በብዕራቸው ነካ ነካ አደረጓት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ጥሩ ነው እያለ አንቺ ብቻ ነሽ አይደለም የምትይው። ይሄ ሁሉ ሰው ሊሳሳት ነው?»

ብዕራቸውን ተቀብዬ ፈረምኩ።

ካርቶኑ ተከፈተ፣ ሻጩ መጥቶ ጫነልን፣ ፎቶም ተነሳን። ታካሚ ጥቂት በሆነበት ሰሞን ምንም አላለም። ክሊኒኩ ሲሞላ ግን መከራው ጀመረ። አንድ ሰው ማህደር ከከፈተ ሌላው ሊከፍተው አይችልም፤ «ማህደሩ በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ማን እንደያዘው አይናገርም። ገንዘብ ተቀባይዋ የአንዱን ሰው ማህደር ከፍታ ምሳ ትሄዳለች፤ ሐኪሙ ውጤት ሊያይ ይፈልጋል፤ አይከፈትም። ባሰ ሲል ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ማህደር አብሮ ይቆለፋል። ያን ጊዜ ከየክፍሉ አንገት ይወጣል፤ «ማነው የያዘው? ልቀቁ!» የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ እግሯ አበጠ።

ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ «ኬብላችሁ ነው» አለ። ኬብሉን ቀየርን። «መብራታችሁ ነው» አለ፤ መብራት መጥፋትማ የሁላችንም ችግር ነው፣ ጄኔሬተር ገዛን። በመጨረሻ «ሠራተኞቻችሁ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዶክተር «አንገቱን የምይዘው ሰው» ያሉት እንግዲህ ይህ ነበር። እሳቸውን «ታዲያ ያዙት!» ማለት አማረኝ፤ ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ።

መላውን ያመጣችው ሲስተር ናት። «ባንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ይግባ፤ የቀረው ይጠብቅ» አለች። እሺ፣ ማን ይቆጣጠረው? ጥበቃችን ጋሼ ተጠሩ። ክሊኒኩ ያረፈበት መሬት ድሮ የአባታቸው የገብስ ማሳ ነበር፤ ከማዶ ከብት የሚጠሩበት ድምፃቸው አሁንም አብሯቸው አለ። ከበሩ ተነስተው ደረጃው አጋማሽ ላይ ወንበር ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ ታክሲ ተራ ሆነ።

«ካርድ ክፍል ይውጣ! ላብራቶሪ ይግባ! ሲስተር፣ ተራሽ አልደረሰም!»

ጋሼ ይህን ሲሉ ሰማኋቸውና ደረጃው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወሎ ሰፈር የሰማሁት ጩኸት ነው! ሁለት ቁጥርና አራት ቁጥር የጭነት መኪኖች አልነበሩም፤ ኮምፒውተሮች ናቸው። አስተባባሪ የተባለው ሰው የዳታቤዝ ተራ አስከባሪ ነው። ባይኔ አይቼው፣ ባጠገቡ አልፌ፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወጣሁ። በሰዎቹ ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

አባቴ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ስኳሩን ሊለካ፣ እህል ሳይቀምስ በጠዋት ደረሰ። ደሙ ተወሰደ፣ ውጤቱም ወዲያው ወጣ፤ ማህደሩ ግን ተይዟል። አግዳሚው ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጦ የጋሼን ጩኸት ያዳምጣል። ከንፈሩ ደርቋል። «ውጤቱን በእጄ ጽፌ ላምጣልህ፣ አባዬ» ስለው «የለም፣ እንደማንኛውም ሰው እጠብቃለሁ» አለ። ሌሎቹ ታካሚዎች ያጉረመርማሉ። እሱ ተራው ደርሶ ሊነሳ ሲል ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ ነው አንቺ የመረጥሽው?»

«እኔ የመረጥኩትስ ሌላ ነበር» ማለት እችል ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ወጥቼ በቀጥታ ወሎ ሰፈር ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ድሮው ብድግ አሉ። ማኪያቶ ሊያዙ ሲሉ «አልፈልግም» አልኳቸው። «ለምን አልነገሩኝም? እያዩ ለምን ገደል ሰደዱኝ?»

ደነገጡ። በሩን ዘጉና ተቀመጡ። «ልጄ፣ እንግዳ ነበርሽ። የቤቴን ገበና ለእንግዳ ላውጣ? ደግሞስ ያ ሻጭ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ የሰው እንጀራ ልዝጋ?» ቀጥለውም «እኔንስ ማን ነገረኝ?» አሉ። «ስጠይቅ ሁሉም ጥሩ ነው ብለውኝ አይደል የገዛሁት!»

ምን ይባላል? ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ጨዋ ሆነው ነው ያበሳጩኝ። ደረጃውን ስወርድ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ፤ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ አጠገቤ ማንም ቢቀመጥ፣ እውነቱን እናገራለሁ።

ቀኑም ብዙ አልቆየም። ገርጂ ሊከፈት ካለ ሆቴል አንድ ወጣት መጣ። እንደኔው ዳታቤዝ ምረጥ ተብሎ የሚዞር፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ትሑት ልጅ ነው። ዶክተር ቢሯቸው አስገቡት፤ ማኪያቶ አዘዙ። ከውጭ ጋሼ «ላብራቶሪ ይውጣ!» ይላሉ።

«ማናቸው?» አለ ልጁ።

«ጥበቃችን ናቸው» አሉ ዶክተር። ከዚያ ወደኔ ዞረው «የመረጠችው እሷ ናት፤ እሷው ትንገርህ» አሉ።

«አትግዙት» አልኩ። «ባንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም። እዚያ ውጭ የሚጮሁት ሰው የኮምፒውተር ተራ እያስከበሩ ነው። አባቴ በባዶ ሆዱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። አትግዙት፣ ወንድሜ።»

ዶክተር ሳቁ። «እሷ እንዲህ ናት፤ ሁሉም ነገር ፍጹም ካልሆነ አትወድም!» ልጁም የተገላገለ ያህል አብሮ ሳቀ። ከሄደ በኋላ ዶክተር አስጠሩኝና «የቤታችንን ገበና ለእንግዳ?» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ሰላምታቸው ለብዙ ጊዜ ከአንገት በላይ ሆነ። ደመወዜን አልነኩም፣ አላባረሩኝም። እኔ ግን አንድ ሰው አድኛለሁ ብዬ በዚያ ተጽናናሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሾላ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ሰላም ሲለኝ ድምፁ እንደተቀደደ ጨርቅ ነው።

«ጉንፋን ነው?» አልኩት።

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ስለ ሆቴሉ ጠየቅኩት፤ ተከፍቷል። ስለ ዳታቤዙ ጠየቅኩት፤ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ገዛችሁት? ነግሬህ ነበር እኮ!» ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ሌላው ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ሲለኝ...» አለ በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ አይደለም ያልሽኝ። ከዶክተሩ ጋር የተጣላሽ መሰለኝ።»

ያንን ያህል ፈርቼ፣ ያንን ያህል ተገላምጬ የተናገርኩት እውነት እንደ ቂም ተቆጠረ። አንቄ ልወዘውዘው ምንም አልቀረኝም። ፎጣውን አየሁና አንድ ነገር ጠረጠርኩ።

«ተራ የሚያስከብረው ማነው ታዲያ?»

ምራቁን በሕመም ዋጠ። «እኔ ነኝ» አለኝ።

ኢምፔሪያል ደረስን። ልጁ የሚወርደው እዚያ ነበር፤ አፉን ከፈተ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወያላው አልሰማውም፤ መኪናው እያለፈ ነው። ልጁ ደግሞ ሞከረ፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩለት።