ሰባት ቁጥር ቧንቧ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሼ ዲንሳ ቡትሴን አስወለቁኝ። ከመቱ ገበያ በስንት ልፋት የገዛሁት ነበር። «ከነቡትስሽ ከሰመጥሽ ለማውጣት ሁለት ጥንድ በሬ አይበቃም» አሉና ከቁመቴ እጥፍ የሚሆን የሽመል ዘንግ ሰጡኝ። ዘንጉ እንደ ምርኩዝ አይያዝም። ሆድ ላይ አግድም ይያዛል፤ መሬቱ ቢከዳ ግራና ቀኝ ተጋድሞ ሰውን ያንጠለጥላል።

ረግረጉ ከመቱ ወደ ሁሩሙ ሲሄዱ ከመንገዱ በታች ያለው ነው። ለጥናት ተከልሎ፣ ሰው እንዳያርሰው እንጠብቀው ነበር። በላይ በኩል ጨፌ ይበቅላል፣ ቤት የሚከደንበት ረጅሙ ሣር። በታች በኩል ሆራው አለ፣ ከብት ከሩቅ እየተነዳ የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ። ጋሼ ዲንሳ ዋና ጠባቂ፣ እኔ የውሃ ልክ መዝጋቢ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ረግረጉ ውስጥ አሥራ ሁለት ቧንቧ ቁልቁል ተቀብሯል። ሳንቲሜትር የተጻፈበት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ቧንቧው እያወረድኩ በሌላው ጫፍ እነፋለሁ፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ከታች ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያኔ ቁጥሩን አንብቤ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ካነሰ ውሃው ወደ ላይ ቀርቧል ማለት ነው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ሲራመዱ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለው ሣር ይወዛወዛል፤ ነፋስ ደግሞ የለም። እንቁራሪቶቹ ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ ከኋላችን ሰው አለ!» ብዬ ዞርኩ።

«ሱታ፣ ቀስ በይ» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ሰው አይደለም። የረገጥነው መሬት ነው ተመልሶ የሚነሳው።»

ከዚያ ወዲህ አልዞርኩም፤ ደስ ግን ብሎኝ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሰባት ቁጥር ቧንቧ አመል አወጣ። በበጋ፣ ዝናብ ጠብ ሳይል ውሃው ከፍ ብሎ አገኘሁትና ጻፍኩ። መቱ ቢሮ የሚቀመጡት አለቃዬ አቶ ታደለ መዝገቡን አይተው ጮኹብኝ። «ዝናብ ሳይዘንብ ውሃ ሽቅብ ይወጣል? እንቅልፍሽን እቤትሽ ጨርሰሽ ነይ!»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ያየሽው ስህተት ነው።»

ወይ ንዴት! እስከ ቤቴ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስድብ አልሰማም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጥር ላይ ጨፌ ማጨጃው ደረሰ። ረግረጉ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ለሦስት ቀን ብቻ ይከፈታል። ከመከፈቱ በፊት እኔ እለካለሁ። ጋሼ ዲንሳ ቁጥሬን ሰምተው ቀድመው ይገቡና በደህናው መሬት ላይ ችካል ይተክላሉ፤ አጫጁ ችካሉን ተከትሎ ይገባል። ወጉ ይኸው ነበር።

በዋዜማው ሰባት ቁጥር ጋ ስደርስ የእንቁራሪት ድምፅ የለም። ላስቲኩን አወረድኩ። ገና አፌን ሳላስጠጋ ከታች ቡልቅ አለ። እንደምንም ነፋሁ፤ አሥራ አራት። ባለፈው ሳምንት ሰማንያ ሁለት ነበር። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ያው አሥራ አራት። አቶ ታደለ ትዝ አሉኝ። በጋ ነውና ውሃው ትንሽ ዝቅ ይበል ብዬ ሰማንያ ሦስት ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። የጋሼ ዲንሳ ባለቤት እትዬ ወርቄም የሣር ማሰሪያ ገመድ ይዘው መጥተዋል፤ የገዛ ቤታቸው ጣራ ያፈስ ነበር።

«ሰባት ቁጥር ስንት አለ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሰማንያ ሦስት።»

«እሰይ፣ ደርቆልናል!» አሉ። ችካል ለመትከል እንዲመቻቸው ዘንጉን ከሆዳቸው አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ገቡ።

ጩኸት አልተሰማም። ሣሩ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቆመ። እኛ ወሬ ላይ ነበርን። «ዲንሳ?» ያሉት እትዬ ወርቄ ናቸው። መልስ የለም። ሦስት ሰዎች በገመድ አስረው እየያዙኝ ሰባት ቁጥር ድረስ ሄድኩ። ዘንጉ ሣሩ ላይ ወድቋል። መሬቱ ገጥሟል፤ የተቀደደ ቦታ እንኳ አይታይም። ከቧንቧው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ የሚነፋ ሰው ሳይኖር። እስኪመሽ ድረስ በዘንግ እየወጋን፣ ስማቸውን እየጠራን ፈለግን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሆራው የተነዱ ከብቶች አንጠጣም አሉ። አንዲት ላም እንኳ አፏን አላስነካችም፤ ዳር ቆመው ይጮኻሉ። ባለከብቱ ጎንበስ ብሎ አየና «ያ ዋቃ፣ አምላኬ!» አለ። ጋሼ ዲንሳን ያገኘናቸው እዚያ ነው፣ ከሰመጡበት ማዶ፣ በሌላው ጫፍ። በምን በኩል እንደሄዱ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ታደለ መዝገቡን አገላብጠው «ያንቺ እንኳ ንጹሕ ነው፤ ጥፋት የለብሽም» አሉኝ። ይህ ቃላቸው ከስድባቸው የባሰ አቃጠለኝ። እፊታቸው ሰማንያ ሦስቱን ሰርዤ ከጎኑ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት። ከዚያ እትዬ ወርቄ ዘንድ ሄድኩ።

ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ጆሯቸው ሥር ሆኜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ነበር ያልሽው?»

«አሥራ አራት፣ እትዬ።»

«እሱን ብትነግሪው ዘንጉን ከሆዱ አያነሳም ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፣ እጄን ግን አይጨብጡም። እውነታቸውን ነው።

ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት እዚያው ለካሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ በቦታዬ የገባችሁ ልጆች፣ ያልገባችሁን ቁጥር አታስተካክሉ። ያያችሁትን ጻፉ። አለቃ ቢቆጣ ቁጣው ያልፋል። እኔ ያስተካከልኩት ቁጥር ግን ሰው ገድሏል።