ዲላን ዱላ ያደረገው ፊደል

ዲላ ውስጥ ማስታወቂያ የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ሁሉ «ወፈር አድርገው፣ ከመኪና ላይ ይነበብ» ይሉኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ያሉት የአማርኛ ፊደሎች ግን አንዱ መስመራቸው ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው፤ ከሩቅ ቀጭኑ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ በማስመሪያና በኮምፓስ የራሴን ፊደል ሠራሁ። መስመሩ ሁሉ እኩል ወፍራም፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ክቡ ሙሉ ክብ። «ወ» ሁለት እኩል ቀለበቶች ሆነ።

መጀመሪያ ያዘዙኝ ከተማው መግቢያ ላይ ፔንሲዮን ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ጣሪያቸው ላይ በላሜራ ተቆርጦ የሚቆም ጽሑፍ ፈለጉ፦ እንኳን ወደ ዲላ በሰላም መጡ። በያጁ ጓደኛዬ ፊደሉን ሲያይ ደስ አለው፤ ጥምዝምዝ የለውም፣ ለመቁረጥ ይቀላል።

ጽሑፉ የቆመ ዕለት ባለቤቴ ለምሳ መጣች። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው።

«ፔንሲዮኑ ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«እንኳን ወደ ዲላ በሰላም መጡ።»

«እኔ ያነበብኩት ዱላ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ያደረግኩት ነገር ትዝ አለኝ። የ«ዲ» እግር ላይ ያለችው ጭረት ከሌሎቹ ፊደሎች ወርዳ ረድፉን ስላበላሸችብኝ ትንሽ ከፍ አድርጌያት ነበር። ምሳዬን ትቼ በባጃጅ በረርኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳነበው፣ እውነትም ከተማችን እንግዳዋን ወደ ዱላ እየጠራች ነው። ደግነቱ ሴትዮዋ ገደብ ከተማ ገበያ ሄደዋል፤ አላዩትም።

በያጁ መሰላሉ ላይ ነበር። «ዲ አልከኝ፣ ዲ ቆረጥኩ» አለኝ።

«ውረድና ከዚህ ሆነህ እየው።»

ወረደ። አየና ጭንቅላቱን ያዘ።

ጭረቷን በግራይንደር ቆረጣት፤ እግሩ ጫፍ ላይ፣ ረዘም አድርጎ መልሶ በየዳት። ዓይናችንን ግን አላመንነውም። ያመጣኝን ባጃጅ ነጂ ጠርቼ «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት።

«እንኳን ወደ ዲላ በሰላም መጡ» አለ ሳይደናቀፍ። «ምነው፣ የት እንዳላችሁ ጠፋባችሁ እንዴ?»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሴትዮዋ አመሻሽ ላይ ሲመጡ ቀና ብለው አዩና «ቀለሙ ትንሽ ደመቅ ቢል ኖሮ» አሉ። እንደዚያ ቀን የደንበኛ ቅሬታ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በማግስቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የካዕቡ ጭረት ወገብ ላይ፣ የሣልሱ እግር ላይ፣ ረድፉ ተበላሸም አልተበላሸ። ባለቤቴ ከክፍሏ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆና ካላነበበችው አላትምም። አሁን በዚያ ፊደል የትምህርት ቤት በር፣ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳና የኢዲዶ መንደር ቡና ማድረቂያ አልጋዎች ቁጥር ተጽፏል። ባለፈው ኢዲዶ ሄጄ አንዲት ሴት ቡናዋን እያገላበጠች፣ የአልጋውን ቁጥር ከሩቅ አንብባ፣ «ያ የአንቺ ነው፣ ሰባት» ስትል ሰማሁ። ሰባት የተጻፈበት አልጋ ከእሷ አምስት አልጋ ማዶ፣ ጓደኛዋ ጋ ነበር።