ሞተሩን አውርደው ይጠብቁኝ

ስንት ዓመት የተመኘኋት ጣሊያን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ነች፤ ጉልበቷ ትንሽ፣ ቅርጿ የድሮ፣ መቀመጫዋ ዝቅ ያለ። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭና ምሥራቅ ባለችው ከተማችን የሚገኘው ጋራዥ ስትደርስ ለሽማግሌው መካኒክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አውርደው ይጠብቁኝ፤ መጣሁ።»

ከሰዓት በኋላ ስደርስ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የሞተር ሳይክሏ ሆድ ባዶ ነው። ገና ድምፁን እንኳ ያልሰማሁት ሞተር ተፈታትቶ፣ ብሎኑ ሳይቀር ካርቶን ላይ ተዘርግቷል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ከመኪናው ላይ ያውርዱ ነው እኮ ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋራዥ ደውለህ ሞተር አውርዱ ስትል እኛ ሌላ ምን እንስማ?» አሉኝ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ደግሞ ምንም አላገኘሁባትም። ለመሆኑ ምኗን አሟት ነው ሞተሩን ያስወረድከኝ?»