ደረጃ የምትወለውለው መንፈስ

ሜቪስ ቻርልተን የሃርክሳይድን ግንብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አጽድታለች። በየማለዳው፣ በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት፣ ሰማያዊ ሽርጧን ታጥቃና ተንበርክካ የእንጨቱን ደረጃ ላቬንደር አበባ በሚሸት ሰም ትወለውል ነበር። እየወለወለችም ጭቃ ይዘው የሚገቡትን ሁሉ ለብቻዋ ትራገማለች። አስጎብኚዎቹ በደረጃው ላይ ትመላለሳለች ስለሚሏት ስለ ግራጫ ለባሿ እመቤት መንፈስ ሲያወሩ ግን ትስቅባቸው ነበር።

«እውነት ብትኖር አንድ ቀን እንኳ ባልዲውን ባቀበለችኝ!» ትላቸዋለች።

ጡረታ በወጣች በስምንተኛው ዓመት ግንቡ ናፈቃትና እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጣ ገባች። አስጎብኚዋ የማታውቃት አዲስ ልጅ ነበረች። ልጅቷ ደረጃው ሥር ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እዚህ ጋ ማለዳ ማለዳ ላቬንደር ላቬንደር ይሸታል። ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች አሮጊት ተንበርክካ፣ እያጉረመረመች ደረጃውን ስትወለውል ያዩ ሰዎች አሉ። ከሞተች መቶ ዓመት ይሆናታል ይባላል።»

ሜቪስን ሞታለች መባሏ ሳይሆን መቶ ዓመቱ ከነከናት። ቀና ብላ ደረጃውን አየችው፤ ከታች እስከ ላይ የጭቃ ዱካ ብቻ ነው።

«ምስኪን!» አለች ከፊቷ የቆመች ሴትዮ። «ምን ሆና ይሆን ነፍሷ እስከ ዛሬ ያላረፈችው?»

«ጫማችሁን ሳትጠርጉ እየገባችሁ በየት በኩል ትረፍ!» አለች ሜቪስ።